በየቀኑ የሚጠፋው ቅኔ

አባቴ ቅኔ የጠፋባቸው ዕለት እኔ አጠገባቸው አልነበርኩም። አዋላጅ ነርስ ሆኜ በምሠራበት በኮን ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ወሬውን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ በስልክ፣ ሰው የሞተ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባቴ ላሊበላ ውስጥ የቅኔ መምህር ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምረው ያስተምራሉ። ከሩቅ አገር የሚመጡት ተማሪዎቻቸው ከቤታችን ጀርባ ባለው ቁልቁለት ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ሰፈሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔም ልጃቸው ብሆን አንቱ ነው የምላቸው፤ ቤታችን እንደዚያ ነው። ቅኔ ተጽፎ የሚነበብ ነገር አይደለም። ባለቅኔው በልቡ አዘጋጅቶት በሊቃውንቱ መካከል ይቆምና በግእዝ ይሰጠዋል፤ አንዴ የተሰጠውን ሌላ ቀን ቢደግመው ነውር ነው፣ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። አባቴ በዚህ የታወቁ ነበሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ሰው ዛሬ የኔታ ምን ይሉ ይሆን እያለ ነበር የሚመጣው።

ያን ዕለት የአንዱ ደብር ንግሥ ነበር። ማኅሌቱ ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ ወጥታ ሕዝቡ ዙሪያውን ከዓለቱ አናት ላይ ነጭ ለብሶ ሞልቶ ሳለ፣ አባቴ ስምንት ስንኝ ያለውን ረጅሙን ቅኔ ጀመሩ። አምስቱን ሰጡ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ትንፋሽ የሚወስዱ መስሏቸው ሰዎቹ ጠበቁ። ቀጥሎ የሊቅ ብልሃት መስሏቸው ጠበቁ። አባቴ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ፤ እንደገና ከፍተው ዘጉ። በመጨረሻ ከጎናቸው የቆሙ ሌላ መምህር የራሳቸውን ቅኔ አንሥተው ሸፈኑላቸውና አገልግሎቱ ቀጠለ። ነገሩ በሙሉ አንድ ደቂቃ ቢሞላ ነው። የሳቀ ሰው አልነበረም። አባቴ ግን ወደ ቤት ሲመለሱ መቋሚያቸውን እዚያው ረስተውት መጡ አለች እናቴ፤ ተማሪዎቹ አመጡላቸው።

ይህን ስትነግረኝ ማዘን ነበረብኝ፤ አዘንኩም። ግን ልቤ በሌላ ነገር ተይዞ ስለነበር ለአባቴ የሚተርፍ ሐዘን ብዙም አልነበረኝም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በእኔ ተራ አንዲት እናት ወልዳ ልጁ ሳይተነፍስ ቀርቷል። ከኮን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አምጥተዋት ነበር፣ ጠዋት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። የሕፃኑን የልብ ምት ሳዳምጠው ደህና ነበር። እኩለ ቀን ላይ ምቱ መዝገም ጀመረ። ወደ ሆስፒታል እንድትወሰድ ደወልኩ፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቶ ነበር። እሱ ሳይመለስ ልጁ መጣ። ወንድ ነበር። እትብቱ መሀል ላይ እንደ ገመድ ተቋጥሮ ጠብቋል። የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ። ባልደረባዬ ክንዴን ይዛ "በቃ እህቴ፣ ይበቃል" እስክትለኝ ድረስ አላቆምኩም።

በሳምንቱ ከሆስፒታል የመጡ ሐኪም መዝገቡን አገላብጠው አዩ። የእትብት ቋጠሮ አስቀድሞ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ፣ ያጠፋሁት ነገር እንደሌለ፣ አምቡላንሱ ደጃፍ ቆሞ ቢሆን እንኳ መንገዱ ራሱ እንደማያደርስ ነገሩኝ። ቃላቸውን ሰማሁ፤ ራሴንም ነቀነቅሁ። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩን ሳልጨርስ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ብትደውዪስ ኖሮ?

ጥያቄው ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ግን እሱ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። ብትደውዪስ ኖሮ ካለ በኋላ፣ የሚቀጥለውም በእጅሽ ይሞታል ይላል። ከዚያ፣ ይህን ሥራ መጀመሪያውንም አታውቂበትም ይላል። ከዚያ፣ ባልደረቦችሽ ያውቃሉ፣ እያዘኑልሽ ዝም ብለው ነው ይላል። በር ስቆልፍ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ እጄን ሳሙና ስቀባ ይህንኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሰማለሁ። የገረመኝ ድካሙ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ቀን ሁለት ሦስት እናት አዋልጄ እያንጎራጎርኩ እገባ ነበር። አሁን ግን ማንም ወላድ ባልመጣበት ቀን ልብሴን ሳልቀይር አልጋ ላይ እወድቃለሁ። እህል አፈር አፈር ይለኛል። ትከሻዬ የሆነ ነገር ተሸክሜ እንደዋልኩ ሁሉ ይቆረጥመኛል።

አንድ ቀን ደህና ምጥ ላይ ያለች ሴት የልጇን የልብ ምት በየአምስት ደቂቃው እያዳመጥኩ አስጨነቅኋት። በመጨረሻ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝና "ምነው እህቴ፣ ልጄ ምን ሆነ?" አለች። ልጇ ምንም አልሆነም ነበር። የሆንኩት እኔ ነበርኩ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ያንን አይታ ፈቃድ ውጪ አለችኝ። ቅጣት መስሎኝ አለቀስኩ። በኋላ ሳስበው ደግ ሴት ናት።

ከኮን ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ በሚኒባስ ሄድኩ። ቤት ስደርስ አባቴ ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው የድንጋይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የማስተማሪያ ሰዓታቸው ነበር። የተማሪዎቹ ድምፅ ከቁልቁለቱ ይሰማል፤ የሚያስተምራቸው ግን አስነጋሪው ነው፣ ከመካከላቸው የበሰለው ተማሪ። ከንግሡ ዕለት ጀምሮ ጉባኤውን ለእሱ ትተውለታል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከሊቃውንቱ ጋር መቆም ትተው ከምእመናኑ ኋላ ቆመው ይመለሳሉ።

"ደህና ነሽ?" አሉኝ።

"ደህና ነኝ። አንቱስ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ።"

በዚያ ሳምንት በቤታችን እንዲህ ያለ ውሸት ብዙ ተነግሯል። እሳቸው ራሴን አመመኝ ብለው በጊዜ ይተኛሉ፤ እኔ መንገዱ አድክሞኝ ነው እላለሁ፤ መንገዱን ከጨረስኩ ስድስት ቀን ሆኖኛል። ስለ ቅኔው አልጠየቅኋቸውም፤ እናቴ እንዳትጠይቂ ብላኛለች። ስለ ሕፃኑም አልነገርኳቸውም። ምግብ ሲቀርብ ሁለታችንም ጥቂት ቆርሰን እጃችንን እንሰበስባለን። እናቴ አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እኔ ታያለች። አንድ ቀን ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ "ሁለት ሥራ ፈት ቤቴ ተቀምጦ እንደ አራሽ ይደክመዋል" አለች። ተቆጥታ አልነበረም። ቀና ብላም አላየችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓዳ ጠራችኝ። አባትሽ አልተሻላቸውም አለችኝ፤ ተራራው ላይ አሸተን ማርያም ገዳም ያሉት አብሮ አደጋቸው ቢያነጋግሯቸው ይሻል ነበር፣ ነገር ግን ብቻቸውን አይሄዱልኝም፤ ልሳለም ብለሽ ይዘሻቸው ውጪ። አብሮ አደግ የምትላቸው መነኩሴ ናቸው። ከአባቴ ጋር በተማሪነታቸው አንድ ጎጆ ነበሩ፤ አባቴ አግብተው መምህር ሆኑ፣ እሳቸው ቆብ ጭነው ተራራው ላይ ቀሩ። እሺ አልኩ። እንዴት ብዬ እንደማሳምናቸው ሳስብ፣ አባቴ ራሳቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ "ልጄ፣ አሸተን ወጥተን ብንሳለምስ?" አሉኝ። እናቴ ሳታየን ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ፀሐይ ሞቅ ሳይል ተነሣን። የአሸተን መንገድ ከከተማው ጫፍ ጀምሮ ዳገት ነው። የገብሱ ማሳ፣ ከዚያ ድንጋያማው ሜዳ፣ ከዚያ ገደሉን ጥግ ይዞ የሚሄደው ቀጭን መንገድ። እንዳይደክማቸው ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የምሄደው። አንድ ጊዜ ዞር ስል አባቴ አጠገቤ የሉም፤ ቀድመውኛል። ከመደብ ተነሥተው ደጅ ለመውጣት የሚያቃስቱት ሰው በዱላቸው ድንጋዩን እየነኩ ከፊቴ ይወጣሉ። ቆመው ጠበቁኝና ወጣት ሆነሽ በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ታለከልኪያለሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አለክልክ ነበር። ግን ያን ጠዋት ከደከመኝ ድካም ውስጥ የእግር ድካም የሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ተሰማኝ። የእግር ድካም ደስ ይላል። ሲቀመጡ ይሄዳል።

አንዲት ዛፍ ጥላ ሥር ስናርፍ በዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። "የት የት ነው የሚያምሽ?" አሉ።

እኔን አያመኝም አልኩ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዲት ግትር በሽተኛ ሕመሜን አልናገርም ስትለኝ እኔ የምነቀንቀውን ዓይነት። ነገሩ ግራ ገባኝ፤ ተነሥቼ መንገዱን ቀጠልኩ።

ወደ ገዳሙ የሚያስገባውን የዓለት ሽንቁር አልፈን ወጣን። ተሳለምን። መነኩሴው ከቤተ መቅደሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀጭን ሰው ናቸው፣ የፊት ጥርሳቸው ወልቋል። መስቀላቸውን አሳለሙን፤ ዳቦና ውሃ አስመጡልን። አባቴና እሳቸው አብረው ስላደጉ አንተ ይባባላሉ፣ ምንኩስናውም አልከለከላቸውም። ውሃውን ከጠጣን በኋላ መነኩሴው ትናንት ከከተማ የወጣ ሰው መልእክት እንዳደረሳቸው ተናገሩ፤ ባለቤትህ፣ በሽተኛ ይመጣልና አነጋግሩልኝ ብላለች አሉ።

"ታማሚው ማነው?"

"እሷ ናት" አሉ አባቴ።

"እሳቸው ናቸው" አልኩ እኔ፣ እኩል።

ተያየን። እናቴ ለእኔ አባትሽ ታመዋል ብላ፣ ለእሳቸው ልጅዎ ታማለች፣ እፍረት ይዟት አትናገርም፣ ወደ አሸተን ያውጧት ብላ እንደላከችን የዚያን ጊዜ ገባን። መነኩሴው ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ። አባቴ መጀመሪያ ፊታቸው ተኮሳተረ። ተቆጥተው ተነሥተው የሚሄዱ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና እሳቸውም ሳቁ። ከንግሡ በኋላ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ በንግሡ ዕለት እዚያ ነበርክ ወይ ብለው መነኩሴውን ጠየቋቸው። ነበርኩ፣ ከኋላህ ሁለት ሰው አልፌ ቆሜ ነበር አሉ።

"እንግዲያው አይተሃል።"

"ምኑን?"

"ቅኔው ሲጠፋኝ።"

መነኩሴው ለማስታወስ ሞከሩ። እውነተኛ ሙከራ ነበር፤ ግንባራቸው ተጨማደደ። በመጨረሻ አንድ ነገር እንዳቋረጥክ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ በላይ ግን የለኝም አሉ። "የዚያን ዕለት የማስታውሰው እግሬን ነው። አዲስ ጫማ ሰጥተውኝ ተረከዜን ልጦት ነበር። መቋሚያዬን ተደግፌ መቼ ባለቀ እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

አባቴ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ከንግሡ ዕለት ጀምሮ አገሩ በሙሉ ያንን ደቂቃ ሲያወራ እንደከረመ አምነው ነበር። ገበያ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ቢያወራ ስለ እሳቸው ነው። ተማሪ ቢያስል ማሾፉ ነው። አሁን አብሮ አደጋቸው፣ እዚያው ቆሞ የነበረ ሰው፣ የሚያስታውሰው ተረከዙን ነው። ከዚያ እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ተናገሩ።

"ያን ዕለት አንድ ጊዜ ነው የረሳሁት። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ እረሳዋለሁ። ጠዋት ስነሣ እረሳዋለሁ፣ ስበላ እረሳዋለሁ። ሕዝቡ ሲያየኝ፣ አፌ ሲደርቅ፣ እንደገና እንደገና። አንዱ መርሳት ያን ያህል አላደከመኝም።"

መነኩሴው ምክር አልሰጡም። ዳቦውን ቆርሰው ሰጧቸውና ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ፣ ተማሪህ ጉባኤ መካከል ቅኔው ቢጠፋው ምን ትለዋለህ ብለው ጠየቁ። አባቴ ሳያስቡ መለሱ፤ ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ነገ ትሰጠዋለህ እለዋለሁ አሉ። በሌላው ተማሪ ፊት አፈር ላይ አልጥለውም አሉ፤ ካፈረ ቅኔ አይመጣለትም።

"ለራስህስ ምን ትላለህ?"

አባቴ ዳቦውን መልሰው አስቀመጡት። "ለጠላቴ የማልለውን" አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ለእሳቸው መስሎኝ ነበር፤ ግን ለራሴ ነበር። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሕፃኑን ነገርኳቸው፣ ቋጠሮውን፣ ስልኩን፣ ግማሽ ሰዓቱን። ስለ ሐኪሙ ቃልም ነገርኳቸው፣ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ልቤ ጋ እንደማይደርስ። አባቴ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ አድርገው አያውቁም። "ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው አጠገቤ የተቀመጥሽው?" አሉ።

መነኩሴው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቲቱ አሁን እንዴት ናት? አላውቅም አልኩ። ከወጣች ወዲህ አላየኋትም። ሊነቅፉኝ ፈልገው እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ነከሰኝ። ለሳምንታት ቀንና ሌሊት የዚያን ልጅ ነገር ሳስብ ኖሬ፣ ስለ እናቱ ያሰብኩት ግን ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ብቻ ነበር። የሐሳቤ መሀል ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ፊቴን አይተው ተዋት፣ ይህች ልጅ በቂ ተቀጥታለች አሏቸው ለመነኩሴው፤ መነኩሴውም እሺ አሉ።

ስንወርድ ግን ደህና ነኝ የሚል ውሸት በመካከላችን አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ አባቴ ቆመው "አሁን እንኳ መጣብኝ" አሉ። ቅኔው ማለታቸው ነው፣ ያ ደቂቃ። ምን ላድርግልዎ አልኳቸው። ምንም፣ መጣብኝ ብዬ ልነግርሽ ብቻ ነው አሉ። ጥቂት ቆመን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆናል። አባቴ ሁለት ቀን ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ ሲያነበንቡ አንዱ ግሡን አበላሸ። አባቴ ከተቀመጡበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አረሙት፤ ልማድ ነው። ያልታረመ ሌላ ስሕተት ተከተለ። ተነሡ። እስከ ቁልቁለቱ አጋማሽ ድረስ ወርደው፣ ቆመው ቀናውን ነገሯቸው። በማግስቱ ጉባኤው ላይ የመምህር ቦታቸውን ይዘው ሳያቸው እናቴ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቻቸው እንዲህ አሏቸው፤ ንግሡ ዕለት ቅኔ ጠፍቶኛል፣ አይታችኋል፣ እናንተንም ይጠፋችኋል፣ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚቆም አብረን እንማራለን። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከመካከላቸው አንዱ በኋላ ለእናቴ እንደነገራት ከሆነ፣ ለካ የኔታ በእኛ አዝነው ነው ጉባኤውን የተዉት ብለው ሲጨነቁ ከርመው ነበር። ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ሲያመነዥክ ነው የከረመው።

እኔ ወደ ኮን ተመለስኩ። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኔ ያችን እናት ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ አስቤ ነበር። ታባርረኛለች፣ ባሏ ይሰድበኛል፣ ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ ብላ ትጮሃለች እያልኩ፣ ያልሆነውን ሁሉ እንደሆነ አድርጌ ልቤ ይመታል። ቤቷ ደረስኩ። ከደጅ ገብስ ታሰጣለች። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እየተቻኮለች መጣችና ጉንጬን ሳመችኝ። በርጩማ አወጣችልኝ፤ አሬራ ቀዳችልኝ።

ስለ ልጁ ለመናገር አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሰው ፊት ልጠይቅ አፍሬ ነው አለችኝ። ባሏ በጎቹን ይዞ ወጥቷል። ዝቅ ብላ ተናገረች።

"በዚያ ሳምንት ኩበት ተሸክሜ ነበር። ከበድ ያለ። ልጄን እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?"

ከወለደች ጀምሮ ይህንን ስታስብ ነው የከረመችው። እህል አይወርድላትም፤ ጠዋት ከመደቧ መነሣት ተራራ መውጣት ይሆንባታል፤ ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት ሲመጡ የሚያውቁባት ይመስላታል። እየሰማኋት በርጩማውን ወደ እሷ አስጠጋሁ፤ ቃል በቃል የኔው ነው። እትብቱ እንዴት እንደሚቋጠር ነገርኳት። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ፣ ሆድሽ ውስጥ ቦታ ሰፍቶት ሲገላበጥ የሚሆን ነው፣ ኩበት አይቋጥረውም፣ ሰውም አይፈታውም አልኳት። እንደገና ጠየቀችኝ። እንደገና ነገርኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስነግራት የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ ሰውም አይፈታውም ይላል።

የልጁን ነገር ስታነሣ አንድ የረሳሁትን ነገረችኝ። አጥበሽ፣ በነጠላዬ ጠቅልለሽ፣ የሚተነፍስ ልጅ ይመስል አንገቱን ደግፈሽ ነው የሰጠሽኝ አለች። ሰው ሲጠይቀኝ ይህንን ነው የምነግረው አለች። እኔ ያን ቀን ስንት ጊዜ ደጋግሜ ሳየው ይህ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም። ሐሳቤ የሚመርጠውን ያውቃል፤ የሚያቆስለኝን ብቻ ለቅሞ ያመጣ ነበር። ስንለያይ ገብስ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ፤ እንቢ ብላት አልሰማችኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እናቶች አዋልጃለሁ። ሐሳቡ አሁንም ይመጣል፣ በተለይ ዝናብ ሆኖ መንገዱ ሲበላሽ። ሲመጣ አልሟገተውም፤ ድሮ ስሟገተው ነበር የምደክመው። ለባልደረባዬ መጣብኝ እላታለሁ። እሷም እሺ ትላለች። አንዳንዴ ወጥቼ ግቢውን አንዴ እዞረዋለሁ። ከዚያ የሚጠብቀኝን ሥራ እሠራለሁ። አንዳንድ ቀን ይህም አይበቃም፤ ያን ቀን እንደ ምንም አልፎ ይነጋል። የወላዶቼን ልጆች የልብ ምት ግን በሰዓቱ ብቻ ነው የማዳምጠው።

አባቴ እስከ ዓመቱ በትልቅ በዓል ላይ አልቆሙም። በመጨረሻ በአንዲት ትንሽ አጥቢያ፣ ሕዝብ ባልበዛበት ቀን፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ያላትን አጭሯን ቅኔ ሰጡ። በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። ፍርሃቱ ለቀቀዎት ወይ አልኳቸው። አልለቀቀኝም፣ ፈርቼ ነው የሰጠሁት አሉ።

ባለፈው ጊዜ ለበዓል ቤት ሄጄ ከእናቴ ጋር ልብስ ስናጥፍ ያንን ነገር አነሣሁባት። አባቴንና እኔን እንዴት አድርጋ እንዳታለለችን፣ ያን ጥበብ ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። ጥበብ አልነበረም አለች። አባትሽ ሌሊት ሲገላበጡ፣ አንቺ ቀን ፊትሽ ሲጠቁር እያየሁ ሁለታችሁንም በልቤ ቀብሬ ጨርሼ ነበር አለች፤ ለቀብሩ እንግዳ የማበላውን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ይህ ለማን ይነገራል አለችኝ።

"ታዲያ እኛ አሸተን ስንወጣ አንቺ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አልኳት።

ያጠፈችውን ጋቢ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች። "ተኛሁ" አለች። "እናንተ ገደሉን ስታልፉ በሩን ዘግቼ ተኛሁ። ስትመለሱ ነው የነቃሁት።"